ስታዲየም አንጠይቅም፤ የሰፈራችንን ሜዳ መልሱልን

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ እንገናኝ፤ ስድብ አይሁን እንጂ ክርክር እወዳለሁ።

አዳማ ውስጥ ስለ ስፖርት በተነሳ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ ስታዲየም ላይ ነው የሚያርፈው። መቼ ያልቃል? ስንት ሰው ይይዛል? ሣሩ የተፈጥሮ ነው ወይስ አርቴፊሻል? ካፍ ይቀበለዋል ወይ? እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ደብተሩን ቤት አስቀምጦ፣ ሳይከፍል፣ ታክሲ ሳይሳፈር፣ ዘበኛ ሳያባርረው ኳስ የሚመታበት ቦታ የት ነው? ሰፈራችሁን አስቡና መልሱልኝ። እህቱስ የት ነው የምትጫወተው?

መልሱ ለብዙዎቻችሁ «ድሮ ነበረ» እንደሚሆን አውቃለሁ። ድሮ ነበረ! ከዚያ ሜዳ ላይ ዛሬ ምን አለ? የሲሚንቶ መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የተራገፈ ጠጠር፣ ቆርቆሮ አጥር፣ ወይም ደግሞ ሜዳው ራሱ እዚያው አለ፤ ግን ግቡ ወድቆ፣ መሐሉ በጎርፍ ተቦርቡሮ፣ ዳሩ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ።

የምለው ነገር አጭር ነው። በአዳማም ሆነ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የሰፈር ሜዳ የጠፋው መሬት ስለሌለ አይደለም። ገንዘብ ስለሌለም አይደለም። ባለቤት ስላጣ ነው። «የሁሉም ነው» ተብሎ የማንም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ መፍትሔው ከአዲስ ግንባታ አይጀምርም። ያሉትን ሜዳዎች መዝግቦ፣ ጠግኖ፣ ቁልፋቸውን ከፍቶ ለሰፈሩ ሰው ከማስረከብ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

መጀመሪያ የስታዲየሙን ነገር ልጨርስ። ስታዲየም አያስፈልግም አላልኩም። ጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድን ሕዝቦች፣ ካፍ የሚቀበለው ሜዳ አጥተን ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርግ አይተናል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 የረታነው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። በገዛ ድላችን እንኳን እንግዶች ነበርን። ያሳፍራል፤ ስታዲየም ይሠራ፣ ያለቀውም ይመረቅ፣ እኔም ሄጄ አጨበጭባለሁ።

ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ስታዲየም ውስጥ 22 ሰው ይሮጣል፣ ሺዎች ተቀምጠው ያያሉ። እነዚያ 22 ልጆች ከየት ነው የሚመጡት? ከሰማይ አይወርዱም። ከሰፈር ሜዳ ነው የሚመጡት። ከካልሲ ኳስ፣ ከአቧራ፣ ጫማውን ለወንድሙ ተራ እየሰጠ ከተጫወተ ልጅ። ያንን ሜዳ አጥፍተን ስታዲየም ብንሠራ፣ ምንጩን ደፍነን ባንቧ እንደመዘርጋት ነው። ባንቧው ያምራል፤ ውሃ ግን አይመጣም።

ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። አሰላን አልፋችሁ በቆጂ ድረስ ሂዱ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ከዚያ ተነስታ ነው። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም አትላንታ ላይ ማራቶንን ያሸነፈችው ከዚያ ተነስታ ነው። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም የዚያችው አካባቢ ልጆች ናቸው። በቆጂ ምን የረቀቀ ተቋም ነበራት? ዳገት፣ ጫካ፣ ተራ የአፈር መሮጫ፣ እና በየማለዳው ሳይሰለች የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። በቃ። ቦታ እና ሰው። ቦታው የማይዘጋ፣ ሰውየው የማይቀር።

እኔ በእድሜዬ ከዚህ የበለጠ የስፖርት ፖሊሲ አላየሁም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ወንጂን እንውሰድ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ ሸዋ ፋብሪካ በ1955 ተከተለ፤ ከዚያ መተሐራ መጣ። ፋብሪካው ባለበት ቦታ ሁሉ ኳስ ቡድን ነበር። ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር እያልን በስም የምንጠራቸው ቡድኖች ከሸንኮራ አገዳ መሐል ነው የበቀሉት። ድሬዳዋም ብትሄዱ ነገሩ አንድ ነው፤ ኮተን የፋብሪካ ቡድን ሆኖ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል።

ይሄን የምለው የድሮውን ዘመን ላሞግስ አይደለም። የሸንኮራ ሠራተኛ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበረ አባቶቻችን ያውቁታል፤ ኩባንያውም ሜዳ የሠራው ለጽድቅ ብሎ አይደለም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር እንድታስተውሉ ነው። ያ ሜዳ ባለቤት ነበረው። ሣሩ ሲደርቅ «ለምን አልጠጣም?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ነበረ። መረቡ ሲቀደድ ከየትኛው መጋዘን እንደሚወጣ ይታወቅ ነበር። ባለቤቱ ሲለወጥ፣ አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ሲዘጉ፣ በጀቱ ሲሳሳ፣ ሜዳው ግን እንደ ልጅ ለማንም አደራ ሳይሰጥ ቀረ። በየከተማው የሆነው ይሄው ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌና የከፍተኛ ውድድር ስለነበረ ቀበሌ ለሜዳው ያስብ ነበር፤ ለምን ቢባል ክረምት ሲመጣ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ይጋጠማል፤ ሽንፈት አለ፣ ሀፍረት አለ። ቀበሌ ሲታጠፍ፣ ሲዋሃድ፣ ስሙ ሲቀየር ሜዳው በየትኛው ርክክብ ሰነድ ላይ ተጻፈ? ወንበር ተቆጥሯል፣ ማኅተም ተቆጥሯል፣ አሮጌ ታይፕራይተር ሳይቀር ተቆጥሯል። ሜዳ ግን ማን ቆጠረው?

ለምን እንደማይቆጠር ልንገራችሁ። ሒሳብ ነው። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ሲባዛ 7,140 ካሬ። 200 ካሬ እየተቆረጠ ቢሸነሸን 35 ቤት ይወጣዋል። ገባችሁ? እናንተ ሜዳ ስታዩ ልጅነታችሁ ትዝ ይላችኋል፤ ሌላው ሰው ያንኑ ሜዳ ሲያይ 35 ካርታ ይታየዋል። በወረቀት ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ሥራው ቀለለለት። ክፍት ቦታ ማለት እኮ በቢሮ ቋንቋ «ገና ያልተሰጠ» ማለት ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሜዳው ችላ የሚባለው። ያማረ ሜዳ ለመውሰድ ያሳፍራል፤ ቆሻሻ የተደፋበትን ግን «ልናለማው ነው» ብሎ መውሰድ ይቻላል። ችላ መባሉ አንዳንዴ ድንገት የሆነ አይመስለኝም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ላይ ስፖርት እንዲስፋፋ አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎ አስቀምጧል። ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲው ከ1990 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት አካባቢ በስፖርት እንዲሳተፍ ነው ሐሳቡ። እንግዲህ ፖሊሲው ራሱ አድጎ ልጅ ወልዶ ይሆናል። ልጁ የሚጫወትበት ቦታ ግን የለውም።

አሁን የሚሰጡኝን መልሶች አንድ በአንድ ላንሳ። በየስብሰባው የምሰማቸው ናቸው።

«የዛሬ ወጣት ስፖርት አይፈልግም፣ ስልኩ ላይ ነው።»

ኧረ ባካችሁ! ማታ ላይ ወጥታችሁ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችንን እዩ። ሁለት ድንጋይ ግብ ተደርጎ፣ ኮብልስቶን ላይ፣ ባጃጅ በመጣ ቁጥር «ቁም! ቁም!» እየተባለ የሚጫወቱት እነማን ናቸው? ጉልበታቸው ተልጦ፣ የጎረቤት በር እየመቱ እየተሰደቡ። ስፖርት የማይፈልግ ልጅ ለመኪና ራሱን አጋልጦ ኳስ አይጫወትም። ስልኩ ላይ የሚቀመጠውም ቢሆን ሜዳ ተከፍቶለት እምቢ ብሎ አይደለም። እኛ ሜዳውን ከወሰድንበት በኋላ ቤቲንግ ቤቱ በሩን ከፍቶ ጠበቀው። እዚያ ማንም «መታወቂያህን አምጣ፣ ደብዳቤ አጻፍ» አይለውም። ኳስ የሚጫወት ልጅ የነበረው በኳስ የሚቆምር ልጅ ሆነ። ማንን ነው የምንወቅሰው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ በደንብ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። 60 ደቂቃ። የእኛ ልጅ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይሩጥ?

«ትምህርት ቤት ውስጥ ሜዳ አለ እኮ።»

አለ! እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። በየከተሞቻችን ያለው ትልቁ የስፖርት ሀብት በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ነው ያለው። ሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ፣ ክረምቱን በሞላ፣ በሰንሰለት ተቆልፎ። ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ሜዳውን እያዩ ውጪ አስፋልት ላይ ይጫወታሉ። እኔ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንዴ ከሰፈር ወላጆች ጋር ሆነን የአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ቅዳሜ ብቻ እንዲከፈትልን ጠየቅን። ደብዳቤ አስገቡ ተባልን። አስገባን። ከሌላ ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። አመጣን። ኃላፊው ስብሰባ ነው። ኃላፊው ሥልጠና ነው። ኃላፊው ተቀይሯል። አዲሱ ኃላፊ «ንብረት ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» አለን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን መልስ የሌለው ጥያቄ አይደለም። የመማሪያ ክፍሎቹን ለይቶ ማጠር ይቻላል። ለሜዳው የራሱ በር ማውጣት ይቻላል። ከወላጅ ኮሚቴው አንድ ሰው ፈርሞ ቁልፍ መረከብ ይችላል። ይሄ ሁሉ የአንድ በርና የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው። እኛ ግን ልጅ ከሚጠፋ ወንበር እንዳይጠፋ የምንጠነቀቅ ሰዎች ሆንን።

«የወጣት ማዕከላት ተሠርተዋል።»

ተሠርተዋል። ስንቱ ዛሬ የወጣት ማዕከል ነው? ያየኋቸውን ልናገር፤ አንዱ የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል፣ አንዱ የቢሮ እጥረት ማቃለያ፣ አንዱ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ። ከኋላው ያለው የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ የመንግሥት መኪና ይቆማል። ወጣቱ ከአጥሩ ውጪ ነው፤ ስሙ ብቻ በሩ ላይ ቀርቷል።

«የግል ሜዳዎች እየተስፋፉ ነው።»

አዎ፣ አርቴፊሻል ሣር የተነጠፈባቸው በሰዓት የሚከራዩ ሜዳዎች አሉ። ለሠሩት ሰዎች ክብር አለኝ፤ ሥራ ፈጥረዋል። ደሞዝተኞች ተዋጥተን እንጫወትበታለን። ግን የቀን ሠራተኛ ልጅ፣ የጉልት ቸርቻሪ ልጅ በሰዓት ከፍሎ ነው ኳስ የሚማረው? ጤና ጣቢያ በግል ክሊኒክ አይተካም፤ የሰፈር ሜዳም እንደዚያው ነው።

«ማስ ስፖርት እያካሄድን ነው።»

በወር አንድ እሑድ መንገድ ዘግቶ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ በድምፅ ማጉያ እየተቆጠረ መዝለል ጥሩ ነው። እኔም ዘልያለሁ። ሰኞስ? ማክሰኞስ? ቲሸርቱ የታተመበት ገንዘብ ስንት መረብ፣ ስንት ኳስ ይገዛ ነበር? ስፖርት የሚለመደው በየቀኑ ነው፤ በየቀኑ የሚሆነው ደግሞ ከቤት በእግር አምስት ደቂቃ የሆነ ቦታ ሲኖር ነው።

«በጀት የለም።»

የመጨረሻዋ መልስ ሁልጊዜ እሷ ናት። እሺ፣ ሜዳ ለመጠገን ምን ያስፈልጋል? አንድ ቀን ግሬደር፤ መሐሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ዳር እንዲያዘቀዝቅ፣ ውሃ እንዳይተኛበት። በሁለቱ ጎን የውሃ መውረጃ ቦይ። አፈሩ ለሚቦረቦርበት ጥሩ ገረጋንቲና ሮለር። ለግብ የውሃ ቱቦ ብረት፤ 7.32 ሜትር በ2.44። በሲሚንቶ ጠብቆ ይተከል፤ ያልታሰረ ግብ ልጅ ላይ ወድቆ ይገድላል፣ ይሄን እንደ ቀልድ እንዳታዩት። ለመስመር ኖራ። ዙሪያውን ዛፍ፤ የእኛ ነፋስ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው፣ አቧራው ያለ ዛፍ አይመከትም፤ ኒም እንደሆነ በእኛ ሙቀት ያለ ብዙ ውሃ ይበቅላል፣ ጥላም ይሰጣል። አንድ የውሃ ቧንቧ። አንድ መፀዳጃ። ከዚህ ውስጥ ከውጭ ምንዛሪ የሚፈልገው የቱ ነው? ግሬደሩ ለመንገድ ሥራ በየሰፈሩ ይመጣል፤ ግማሽ ቀን ወደ ሜዳው ቢያዞሩት ምን ይሆናል?

ሙሉ ሜዳ ካልተገኘም ይገኛል የሚባል ነገር አለ። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ 162 ካሬ። ቅርጫት ኳስ 28 በ15፤ 420 ካሬ። በየሰፈሩ ለአንድ መረብ ኳስ የሚሆን ከአንድ መኖሪያ ቤት ይዞታ ያነሰ ቦታ ጠፋ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣና አብረን በእግር እንዙር።

ኮሪደር ልማቱ አስፋልቱን ዳር ዳሩን አሳምሮታል፤ መብራቱም የእግረኛ መንገዱም ጥሩ ነው። ጥያቄዬ ከኮሪደሩ ጀርባ ስላለው ነው። እንግዳ የሚያልፍበት መንገድ እንዲህ ከተሠራ፣ ልጅ የሚያድግበት ጀርባ ለምን ይረሳል? አዳማ ደግሞ ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በክረምት ጎርፉ የት እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያልተገነባበት አፈር ሁሉ ውሃ ይመጥጣል። ሜዳ መጠበቅ ለጎርፉም ይጠቅማል።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የተበደሉት እነሱ ናቸው። ወንድ ልጅ የሰፈሩ ሜዳ ቢጠፋበት ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ አስፋልት ላይ ይጫወታል፣ አመሻሽቶ ይመጣል። ሴት ልጅን ማን ይፈቅድላታል? እናት «የት ነሽ?» ብላ ከበር ሆና ልትጠራት የምትችልበት ርቀት ላይ ሜዳ ከሌለ፣ ለእሷ ሜዳ የለም ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ከወንዶቹ በላይ የሚፈጥኑ፣ መረብ ኳስ ሲመቱ እጅ የሚያቃጥሉ ስንት ልጆች አስተማርኩ። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ስፖርት ከሕይወታቸው ወጣ፤ ደካማ ሆነው አይደለም፣ መፀዳጃ ያለው፣ ጨለማ ያልሆነ፣ ቅርብ የሆነ ቦታ ስላልነበረ ነው። ከእነሱ መሐል ደራርቱ ነበረች ወይ? አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው። ተፈልጋ አልታጣችም፤ ሳትታይ ቀረች።

«በውጭ ሀገር ነው የሚሆነው» እንዳትሉኝ እንጂ የአይስላንድን ነገር ልጥቀስ። ሰኔ 2008 ዓ.ም በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ከውድድር ያስወጣች ሀገር ናት። ጠቅላላ ሕዝቧ ያኔ 330 ሺህ ገደማ ነበር። አዳማ ብቻዋን በ1999 ዓ.ም ቆጠራ 220,212 ሰው ነበራት፤ ዛሬማ የት እንደደረሰች ገበያ የወጣ ያውቀዋል። አይስላንዶች ምን አደረጉ? ትልቅ ስታዲየም አልሠሩም። በየትምህርት ቤቱ አጠገብ ትንንሽ ሜዳዎች ሠሩ፤ ለቅዝቃዜው ደግሞ ጣሪያ ያላቸው ሜዳዎች አቆሙ፤ ትንንሽ ልጆችን ሳይቀር የሠለጠነ አሠልጣኝ እንዲያስተምራቸው አደረጉ። ቦታ እና ሰው። በቆጂ ያየነው እሱኑ ነው፤ እነሱ በገንዘብ ሠሩት፣ በቆጂ በትዕግሥት ሠራችው።

እንግዲህ መተቸት ቀላል ነው፤ ምን ይደረግ ለምትሉኝ ሐሳቤን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ይቆጠር። እያንዳንዱ ክፍለ ከተማና ቀበሌ በውስጡ ያለውን ሜዳ ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ በስምና በካሬ ይመዝግብ። «ክፍት ቦታ» የሚለው ቃል ይሰረዝና «የስፖርት ማዘውተሪያ» ተብሎ ካርታ ይውጣለት። ዝርዝሩ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም ሕፃን አንብቦ «ይሄ የእኛ ነው» ይበል። ከዚያ በኋላ የሚወስድ ሰው በጨለማ ሳይሆን በቀን ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ይከፈት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ እሑድ ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ይሁን። ሰዓቱ ይጻፍ፣ ለሴቶች የተለየ ሰዓት ይያዝ፣ ቁልፍ የሚይዝ ሰው በስም ይታወቅ።

ሦስተኛ፣ ባለአደራ ይኑረው። ለእያንዳንዱ ሜዳ የሰፈር ኮሚቴ፤ ከእድር አንድ፣ ከወጣቱ ሁለት፣ ከእናቶች አንድ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ። ከኮሚቴው ጋር የሚሠራ፣ ትንሽም ቢሆን አበል የሚከፈለው ጠባቂ። ሜዳ ሜዳ የሚያደርገው ሣሩ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው ነው።

አራተኛ፣ አይሸጥ፣ አይከራይ። «ለገቢ ማስገኛ» ተብሎ ዳሩ ላይ ሱቅ የተሠራበት ሜዳ ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ መሐሉም ሱቅ ይሆናል። በዚህ ድርድር የለም።

ይሄ የመንግሥት ድርሻ ነው። የእኛስ? የእኛም አለ። በሜዳው ላይ ቆሻሻ የሚደፋው ከማርስ የመጣ ሰው አይደለም፤ ከእኛው ቤት የወጣ ጋሪ ነው። የሠርግ ድንኳን ተክሎ ጉድጓዱን ሳይደፍን የሚሄደው ጎረቤታችን ነው። ቤት ሲሠራ አሸዋውን ሜዳው ላይ አራግፎ ዓመት የሚያቆየው ዘመዳችን ነው። «ተው» ማለት ከእኛ ይጀምራል። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን ይገዛል፤ ለሚያድግ ልጅ መረብ ቢገዛ ሕገ ደንቡ የሚከለክል አይመስለኝም።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ልጆቼ፣ ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ ያላችሁ፣ እናንተን ደግሞ በፍቅር ልቆጣችሁ። እሑድ እሑድ ኳስ የምትጫወቱት የት ነው? በማዘጋጃ ቤት ፓርክ ነው። ሰዓት ትመዘገባላችሁ፣ በተራችሁ ትጫወታላችሁ፣ ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ትወጣላችሁ፤ ማንም መጥቶ ቤት አይሠራበትም። እንዴት እንደሚሠራ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ ጀምሮ በየዓመቱ ሰው የሚሰበስበው በዚያው ኳስ ነው። እና ለሰፈራችሁ ልጆች ማሊያ ትልካላችሁ። እግዜር ይስጥልን፤ ግን ማሊያ ለብሶ የሚቆምበት መሬት የሌለው ልጅ ማሊያውን ለፎቶ ነው የሚለብሰው። ቀጥሎ ስትልኩ የአንድ ሜዳ ቧንቧ፣ የአንድ ሜዳ ግብ፣ የአንድ ጠባቂ የዓመት አበል ብላችሁ ላኩ። ስትመጡም ቀበሌ ገብታችሁ «የሰፈሬ ሜዳ ካርታ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከውጭ የመጣ ሰው ሲጠይቅ ወንበር ይሰጡታል።

ቀበሌና ክፍለ ከተማ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ይሄን እያነበባችሁ ነው። ልወቅሳችሁ አልጻፍኩም። እናንተም የተጫወታችሁት እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ፋይሉ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ፣ «ክፍት ቦታ» የሚለውን ስታዩ፣ እስክሪብቶውን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ቦታውን በ11 ሰዓት እዩት። ልጆች ካሉበት ክፍት አይደለም፤ ተይዟል።

አሁን ሥራ እንጀምር። ኮሜንት ላይ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፤ የሰፈራችሁን ሜዳ ስም፣ ያለበትን ከተማና ቀበሌ፣ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ። ፎቶ ካላችሁ ጨምሩ፤ የሰው ስም ግን አትጻፉ፣ ጠባችን ከሰው ጋር አይደለም። አዳማ፣ ወንጂ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ ከየትም ይሁን። እኔ ሰብስቤ በየከተማው ለይቼ እጽፈዋለሁ፤ ከየከተማው ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ሦስት ሰዎች ዝርዝሩን በግንባር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዘው ይሄዳሉ። መንግሥት ካልቆጠረልን እኛ ቆጥረን እንስጠው።

ሼር አድርጉት። በተለይ «ድሮ ሜዳ ነበረን» እያለ ለሚተክዝ ጓደኛችሁ ላኩለት።